ዱባለን የምታስታምም ክፍሌን ትውረስ

እኔ ሳምራዊት ሀብተሥላሴ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ አየር ጤና፣ በአባቴ ግቢ ነዋሪ ስሆን፣ ዛሬ ሐሙስ ጥቅምት ፲፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም. ይህን ኑዛዜ በቃሌ ተናግሬ አጽፌአለሁ። የታመመው ልቤ ነው፤ አእምሮዬ ጤነኛ ነው። ይህን አስቀድሜ የማስጽፈው ወንድሜ አማኑኤል «እህቴ ከዓሣ ጋር ማውራት ጀምራለች» እያለ ለጎረቤት ስለሚያወራ ነው። ዓሣ አይደለም። አክሶሎትል ይባላል፤ አራት እግር ያለው፣ የሚተነፍስበት ስንጥቡ ከአንገቱ ውጭ እንደ ላባ የተዘረጋ፣ ዕድሜውን ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የሚኖር እንስሳ ነው። ስሙ ዱባለ ነው።

ሰኞ የልብ ቀዶ ሕክምና ይደረግልኛል። ከሞትኩ የሚከተለው ይፈጸም።

አንደኛ፤ ከአባቴ የወረስኩት፣ ከበሩ በስተግራ ያለው ክፍል ለአማኑ አይሰጥም። ምክንያቱን ልናገር። ዱባለን የገዛልኝ አባቴ ነው፤ «አንቺ መሮጥ አትችዪም፣ እሱም አይሮጥም፤ ተስማሙ» ብሎኝ ነበር። በዚሁ በአባታችን የአርባ ዝክር ዕለት አማኑ የቢራ ጠርሙሶችን ከነአቧራቸው የዱባለ ገንዳ ውስጥ ነከራቸው። ስጮህበት «ፍሪጁ ሞልቷል፤ ይኼ ውሃ ደግሞ ቀዝቃዛ ነው» አለኝ፣ በእንግዳ ፊት እየሳቀ። ጠርሙሶቹ ስንጥቡን አቆሰሉት፤ ቁስሉ ላይ እንደ ጥጥ ያለ ሻጋታ በቀለበት። እስከ ዛሬ እያስታመምኩት ነው። በዚያው ሳምንት ወንድሜ ክፍሌን ለተከራይ አሳየ። እኔ አልጋዬ ላይ ተኝቼ! ሰውዬው አፍሮ ይቅርታ ሲጠይቀኝ አማኑ የመስኮቱን ስፋት ያስረዳው ነበር።

እዚህ ላይ ጸሐፊው አቶ ይገዙ «ልጄ፣ ይኼም ይጻፍ?» ብለውኛል። ይጻፍ ጋሼ፣ አንድ ቃል እንዳይጎድል ብያቸዋለሁ።

ሁለተኛ፤ ክፍሉን የአማኑ ሚስት ርሆቦት ብቻዋን ትውረስ። የግል ንብረቷ ይሁን፤ ባሏ መግባት ቢፈልግ አንኳኩቶ ይግባ። በዝክሩ ዕለት የጥቁር ቀሚሷን እጅጌ ሳትሰበስብ እጇን ነክራ ጠርሙሶቹን ያወጣች እሷ ናት። «ቢራህን ሙቁን ጠጣ!» ስትለው ድንኳኑ ሁሉ ሰምቷል።

ሦስተኛ፤ ርሆቦት የምትወርሰው ዱባለን የምታስታምም ከሆነ ነው። ውሃው በየቀኑ ይለወጥ። ከቧንቧ ተቀድቶ ያላደረ ውሃ ክሎሪኑ ስላልወጣለት ያቃጥለዋል፤ አይግባበት። ፀሐይ አያግኘው። ሻጋታውን የሚያጠፋለትን የጨው መታጠቢያ ልክ አሳይቻታለሁ፤ ከዚያ አታብዛ።

አራተኛ፤ ለቅሶዬን በተመለከተ። አክስቶቼ «ሐዘንተኛ ከድንኳን አይወጣም» ማለታቸው አይቀርም። በአባቴ ለቅሶ እኔንም እንዲሁ ብለው ይዘውኝ ዱባለ በቆሸሸ ውሃ ሰንብቷል። ርሆቦት የውሃው ሰዓት ሲደርስ ተነሥታ ትሂድ። የሚያስቀራት ሰው ለእኔ አላለቀሰም። ደረት የሚመታልኝ አልፈልግም፤ ውሃ የሚቀዳልኝ እፈልጋለሁ። አማኑ በተለይ እንዳያለቅስ። እጁ ሥራ ከፈታ ጄሪካን ይሸከም።

ይህ ሲነበብ አማኑ በር ላይ ቆሞ ነበር። «እሺ፣ ካልሞትሽስ?» አለኝ። ካልሞትኩም ሆስፒታል መሰንበቴ አይቀርም፤ ጄሪካኑ በሩ ሥር ነው፤ ዛሬውኑ ሞልተህ አሳድረው አልኩት። ይህም የኑዛዜዬ አካል ነው።

ተናዛዥ፦ ሳምራዊት ሀብተሥላሴ (ፊርማ)

እኛ ምስክሮች ኑዛዜው በእኛና በተናዛዧ ፊት ሲነበብ ሰምተን፣ ቃሏ መሆኑን አረጋግጠን ፈርመናል። አቶ አማኑኤል ጄሪካኑን አንሥቶ ወጥቷል፤ መሙላቱን ግን አላየንም።

ይገዙ ፈጠነ (ጸሐፊና ምስክር)፣ እሙ ደሜ፣ ሰይፈዲን ከድር፣ ጃለታ ቶላ (ፊርማዎች)