በጣሊያን ኮረብታ ላይ አዛብቼ ስለተረጎምኩት ቃል

ወላይታ ሶዶ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ታምራት ባዳቾ
የጥንታዊ ሞዴል መንደር ዝግጅት ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም እንደ ሪፖርትዎ የተሟላ ይሁን እያልኩ ሰላምታዬን በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። የእኔን ከጠየቁ ደህና ነኝ፤ ለፊደሎቼ መጣመም ብቻ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

እንደሚያስታውሱት ባለፈው ግንቦት ለልምድ ልውውጥ ወደ ጣሊያን ሲጓዙ፣ በልጅነቴ ከአንድ ጣሊያናዊ አናጺ ሥር ስሠራ የለቀምኳት ቋንቋ ትጠቅማለች ብለው፣ እኔን ተራውን የአናጺነት መምህር በአስተርጓሚነት ይዘውኝ ሄዱ። ኮረብታ ጫፍ ላይ የተቀመጠችውን ያችን መንደር በእርስዎ ቸርነት አየሁ። ግንቡ ሰባት መቶ ዓመት ቆሞ አንድ ድንጋይ አልጎደለበትም፤ መተላለፊያው ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም፤ በየደጃፉ አበባ አለ። እርስዎ ፎቶግራፍ ሲነሱ እኔ የተሰጣ ልብስ ፈለግሁ፤ አጣሁ። የሕፃን ድምፅ አልነበረም፤ የምግብ ሽታ አልነበረም። ሦስት በሮች ገፋ ገፋ አደረግሁ፤ ሦስቱም ተቆልፈዋል። ሰው ያለቀበት ቤት ውስጥ የገባሁ ያህል ፈራሁ።

በመጨረሻ አንዲት አዛውንት በራቸው ላይ ተቀምጠው አገኘን። «ቤቷ እንደ ጥንቱ በመጠበቁ ደስተኛ መሆኗን ጠይቅልኝ» አሉኝ እርስዎ። ጠየቅሁ። ሴትዮዋ እጅጌዬን ያዙና እንዲህ አሉ፦ «በብርዱ ወራት እዚህ የምንቀረው አሥራ አንድ ሰዎች ነን። ልጆቼ መስኮት እንኳ ማስፋት ሲከለከሉ ወደ ታች ከተማ ወረዱ። ብሞት በስንተኛው ቀን እንደሚያገኙኝ አላውቅም።»

«ምን አለች?» አሉኝ፣ ማስታወሻዎን ከፍተው።

የዚያን ዕለት ጠዋት ሆቴል ውስጥ «ገንቢ ገንቢውን ብቻ ነው የምትተረጉመው» ብለውኝ ነበር። የዓመቱ ግምገማዬም ገና አልተሞላም ነበር። «ደስተኛ ነኝ፤ እኮራለሁ ትላለች» አልኩ። እርስዎ ጻፉት። ሴትዮዋ የነገሩኝን ያደረስኩላቸው መስሏቸው እጄን ጨብጠው አመሰገኑኝ።

ከዚህ በመነሳት የሚከተሉትን ቅሬታዎች፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዎች አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ያ ውሸቴ በሪፖርትዎ ውስጥ «የነዋሪ ምስክርነት» ተብሎ ሰፍሮ፣ በዳሞታ ተራራ ሥር ያለውን መንደራችንን ወደ ጥንቱ ለመመለስ ማስረጃ ሆኗል። በመንደሩ ስብሰባ ላይ ሲነበብ ሁሉም እጁን አወጣ። እኔም ግራ ቀኝ አይቼ አወጣሁ።

ሁለተኛ፣ ቆርቆሮ ክዳን ሁሉ በሣር ይተካ በሚለው ውሳኔ የአክስቴን የወይዘሮ ኤርካሎን ቤት ስላስቀደሙልን ክብር ተሰምቶናል። አክስቴ ከሃያ ዓመት በፊት የሣር ቤታቸው ተቃጥሎ ፈጠነች የምትባል የሰባት ዓመት ልጃቸውን ቀብረዋል። ከዚያ በኋላ ቆርቆሮውን ያለበስኩላቸው እኔ ነኝ። ሻንቶ ገበያ በዋሉበት ቀን ሰዎችዎ መጥተው ቆርቆሮውን አውርደው ሣር ከደኑላቸው። አከዳደኑ ግሩም ነው፤ እንደ አናጺ እመሰክራለሁ።

ሦስተኛ፣ አክስቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳት አላነደዱም። አምስት ሳምንት ሙሉ ጎረቤት የቀቀለላቸውን ስኳር ድንች ቀዝቅዞ ሲበሉ፣ ነጠላቸውን እንደለበሱ በሩ ሥር ሲተኙ ሰነበቱ። ልጠይቃቸው ስሄድ «ልጄ፣ ይህን ያመጣብን ማነው?» አሉኝ። ኮሚቴው ነው ብል ይቀለኝ ነበር። «እኔ ነኝ» አልኩና የኮረብታዋን ሴትዮ ነገር ነገርኳቸው። ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ከዚያ፣ «እሷም እንደ እኔ ብቻዋን ናት ማለት ነው። ሂድና ያለችውን ንገራቸው» አሉኝ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ትርጉሙ ከላይ እንዳሰፈርኩት እንዲታረም በትሕትና አመለክታለሁ።

ይህ የሚያስከትለውን አውቃለሁ። ባለቤቴ ሩት «ስምህን ተው፤ አንድ ተቆርቋሪ ዜጋ ብለህ ፈርም፤ ልጆች አሉን» ብላ ለመነችኝ፤ እኔም ተስማምቼ ነበር። ግን ባለፈው ዓርብ መሰላሌን ተሸክሜ ወጣሁ። ሣሩን አውርጄ፣ ከጓሮ የተደረደረውን ቆርቆሮ አንድ በአንድ መልሼ መታሁ። ሁለት ጊዜ መዶሻው ከእጄ ወደቀ። ጎረቤቶች ከእንሰቱ ጀርባ ቆመው ያዩኝ ነበር፤ ማንም አልረዳኝም፣ ማንም አላስቆመኝም። ሁለተኛ ጊዜ ሲወድቅ ግን የአንድ ለአምስት ጠርናፊያችን አቶ ሻንቆ መጥቶ አነሳና ወደ ላይ አቀበለኝ። ቅዳሜ በአሥር ሰዓት፣ የመጨረሻውን ምስማር ስመታ፣ አክስቴ እሳት አነደዱ።

ከጣሪያው ላይ ሆኜ ጭሱን ሳይ ፍርሃቴ አልለቀቀኝም። አሁንም አልለቀቀኝም፤ በር በተንኳኳ ቁጥር በመስኮት አጮልቄ አያለሁ። ቢሆንም በስሜ እፈርማለሁ።

ለትዕግሥትዎ፣ ለጉዞው፣ እንዲሁም ወደፊት ሊያደርጉልኝ ላሰቡት ሁሉ በቅድሚያ ውለታዎን የማልረሳ፣

ቃለሕይወት ጦና
የአናጺነት መምህር

ግልባጭ፦ ለወይዘሮ ኤርካሎ፣ ባሉበት

ማሳሰቢያ፦ ትናንት ስለ እኔ እንዲጠይቁ እርስዎ የላኳቸው ሁለት ወጣቶች ዝናብ ስለያዛቸው አክስቴ ቤት ተጠልለው ነበር። ምንም እንዳልፈሰሰባቸው፣ ሻይም ሁለት ሁለት ብርጭቆ እንደጠጡ ላረጋግጥልዎ እወዳለሁ። ስሜን ሲመዘግቡ ግን የአባቴን ስም አሳስተው ስለጻፉ፣ ሌላ ሰው በስሕተት እንዳይጠራብዎ ብዬ በራሴ እጅ አስተካክዬላቸዋለሁ።