ስለ ነጭ የደም ሕዋስና ማህተም ስላረፈበት መልስ

ለክቡር አቶ ይሄነው አራጌ፣
የተማሪዎች የጥያቄና መልስ ውድድር የዳኞች ሰብሳቢ፣
መካነ ሰላም

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን እንደ ሰነበተ በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ የቤተ ሰብዎ ጤና፣ የወንበርዎም ጤና እንደዚሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ጆሮዬም ገና ይሰማል።

ስለሚሰማም ስለ ራሴ የደረሰኝን አንድ ወሬ ላርም። ቅዳሜ ዕለት በአዳራሹ ውስጥ ለተማሪ ፊርደውስ ጀብሪል መልሱን በሹክሹክታ ነገረቻት ተብያለሁ። ልጅቷ የቆመችው መድረክ ላይ ነበር፤ እኔ የተቀመጥሁት ከኋላ በኩል ሁለተኛው መደዳ ላይ ነው። በሰባ ሰባት ዓመቴ፣ በቀሩኝ ጥርሶች የማወጣው ሹክሹክታ ያን ሁሉ ወንበር አልፎ የሚሰማ ቢሆን ኖሮ፣ የድምፅ ማጉያ ለመዋስ ባልደከማችሁ ነበር። ወሬውን ማን እንደ ጀመረው አላውቅም ብል ደስ ይለኝ ነበር። ነገር ግን እርስዎ ራስዎ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ለሦስት ሰዎች ሲያወሩ፣ ከሦስቱ አንዷ ጎረቤቴ በለጡ ነበረች።

በአዳራሹ ላልነበረ አንባቢ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። የመጨረሻው ጥያቄ «ነጭ የደም ሕዋስ ወደ ሰውነት የገባን ጎጂ ባክቴሪያ እንዴት ያውቃል?» የሚል ነበር። ፊርደውስ ተነሥታ፣ «በላዩ ላይ ተቀባዮች አሉት፤ ባክቴሪያው ላይ እኛ ሕዋስ ላይ የሌለ ነገር አለ፤ ተቀባዩ ያንን ሲነካ ይይዘዋል። ማንም አያዘውም» አለች። እርስዎ ማህተም ያረፈበትን የመልስ ፖስታ ከፍተው «አንጎል ትዕዛዝ ሲሰጠው» የሚለውን አነበቡና ልጅቷ ተሳስታለች አሉ። በዚያች አንድ ነጥብ ተሸነፈች፤ ለክረምቱ የሳይንስ ትምህርት ወደ ደሴ የሚላከውም ሌላ ልጅ ሆነ። አባቷ አቶ ጀብሪል ካሸነፈች ትምህርቷን ልትቀጥል፣ ካላሸነፈች አጅባር ከተማ ከአክስቷ ሱቅ ልትቆም ከልጅቷ ጋር ቃል ተገባብተው ነበር። ልለምናቸው ብሄድ፣ «አብሽሩ መምህርት፣ ንግድም ትምህርት ነው» አሉኝ። ክፋት የለባቸውም፤ የዳኞቹን ቃል አምነው ነው። ረቡዕ በሚኒባስ ሊያሳፍሯት ነው።

ስለዚህ ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ፤ በቁጥር የቀረበ ነገር እንደሚወዱ ስለማውቅ።

፩ኛ፦ ነጭ የደም ሕዋስ ከማንኛውም ቢሮ ጋር የሥራ ግንኙነት እንደሌለው በትሕትና አስታውቃለሁ። ባክቴሪያ በቁስል በኩል ሲገባ ሕዋሱ ደብዳቤ አይጽፍም፤ ፈቃድም አይጠብቅም። ገላውን የሸፈኑት ተቀባዮች በባክቴሪያው ግድግዳ ላይ ያለውን፣ በእኛ ሕዋሳት ላይ ግን የማይገኘውን ቅርጽ ሲያገኙ ይጣበቁበታል። አንዳንዱ ባክቴሪያ የሚያንሸራትት ልባስ ለብሶ ይመጣል፤ ያን ጊዜ በደም ውስጥ የሚዘዋወሩ ፕሮቲኖች ቀድመው ይለጠፉበትና ሕዋሱ እነርሱን ጨብጦ ይይዘዋል። ከዚያም ገላውን ዘርግቶ ይከበዋል፣ ይውጠዋል፣ በከረጢት ዘግቶ መርዝና ኢንዛይም ያፈስበታል፤ ሌሎችንም ይጠራል። በዚህ ሁሉ መካከል አንድም ስብሰባ የለም።

፪ኛ፦ ከጎንዎ የተቀመጡት መምህርት እሌኒ ልጅቷ ልክ ሳትሆን አትቀርም ብለው ሲነግሩዎ፣ «ማህተም ያረፈበት መልስ አይነካም» ማለትዎን አዳራሹ ሁሉ ሰምቷል። ማህተሙ እጅግ ያማረና ክብነቱን የጠበቀ ስለ ነበር አመሰግናለሁ።

፫ኛ፦ ከተማው ስቆብናል። ልብስ ሰፊው ወንድዬ ትናንት መርፌ ወጋውና ጣቱን ወደ ላይ ይዞ፣ «ከላይ ትዕዛዝ እስኪመጣ እንዳታመረቅዢ!» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ።

፬ኛ፦ ይህን ላልጽፈው ነበር። በ1978 ዓ.ም. የሰባተኛ ክፍል ተማሪዬ ሳሉ ተረከዝዎን እሾህ ወግቶት አብጦ መጡ። ጤና ጣቢያ ይዤዎት ሄድሁ። መግሉ ሲወጣ ፊትዎን ቢያዞሩ፣ «አትጸየፈው፤ ስላንተ ሲዋጉ የሞቱ ሕዋሳት ናቸው» አልሁዎ። «ማን ልኳቸው?» ብለው ጠየቁኝ። ማንም እንዳልላካቸው ነገርሁዎ። በማግስቱ ለክፍሉ ሁሉ ሲያስረዱ፣ እኔ ከነገርሁዎ ይበልጥ አሳምረው ነበር የተናገሩት። ቅዳሜ ፊርደውስ መልሷን ስትጨርስ መጀመሪያ ያዩት እኔን ነው። ቀጥሎ ወረቀቱን አዩ፤ ወረቀቱን መረጡ። ባያውቁ ኖሮ ይህ ደብዳቤ አይጻፍም ነበር፤ ያላወቀን አስተምራለሁ እንጂ አልቀየምም። እርስዎ ግን ያውቃሉ። እያወቁ ልጅቷን ተሳስታለች፣ እኔን አታላይ ናት አሉ።

ለማህተሙ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት በቅድሚያ፣ ከእርሱ የተረፈውን ደግሞ ለእርስዎ እያቀረብሁ፣ ሹመትዎ እንዲሰነብት፣ ከላይ የሚመጣልዎ ትዕዛዝም እንዳይቋረጥ የምመኝ፣

የቀድሞ አስተማሪዎ
በዛች እንዳልካቸው

ማስታወሻ፦ የ1979 ዓ.ም. የስምንተኛ ክፍል የፈተና ወረቀትዎ ከሣጥኔ ተገኝቷል። ለዚሁ ጥያቄ፣ በራስዎ እጅ፣ «ነክቶ ያውቃል፤ ማንም አያዘውም» ብለው ጽፈዋል። በዚያን ጊዜ ስለ ተቀባዮቹ እኔም የማውቀው ጥቂት ስለ ነበር ከዚህ በላይ አልጠየቅሁዎም፤ አሥር ከአሥር ሰጠሁዎ። በቅዳሜው ውሳኔዎ መሠረት ግን ዜሮ ነበር የሚገባዎ፤ ደምሬ እንዳየሁትም ያለዚያ አሥር ወደ ዘጠነኛ ክፍል አያልፉም ነበር። ስለዚህ ነገ ጠዋት በመጀመሪያ አቶ ጀብሪል ቤት ሄጄ ወረቀቱን አሳያቸዋለሁ፤ የልጅቷ ሻንጣም ሳይታሰር እንዲቆይ እለምናለሁ። ቀጥዬ ወረቀቱን ፎቶ ኮፒ አስነሣለሁ። ከዚያ ቀይ እስክሪብቶ ገዝቼ፣ በሦስት ሰዓት ከቢሮዎ በር ላይ እገኛለሁ፤ ከፊርደውስ ነጥብና ከእርስዎ ነጥብ የትኛው እንደሚታረም እዚያው ይነግሩኛል።