ነቀርሳ ያው ነቀርሳ ነው

ለተከበሩ የሥልጠና ጉዳይ ኃላፊያችን፣
ባሉበት ቢሮ

ክቡር ሆይ፣ የአክብሮት ሰላምታዬ ከፉሪ አቀበት ወርዶ እርስዎ ዘንድ ይድረስ። እኔ ከአቧራው በቀር ደኅና ነኝ። የእርስዎን ጤና፣ በተለይም የሳንባዎን፣ ዘወትር እመኛለሁ፤ ለሳንባዎ ቢያንስ የሠለጠነች ነርስ አለችዎት። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ፣ በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው ሦስቱ እንደታሸጉ የቀሩ ስለመሰለኝ ነውና ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ።

አንደኛ፣ ስለ ሥልጠናው አመሰግናለሁ። አምና፣ ካንሰር የያዛቸውን ሰዎች የሚያስታምሙ ነርሶች አዲስ አበባ ለስድስት ወር ይሠልጥኑ ተብሎ ሲጻፍ፣ ደብዳቤው «የነቀርሳ ነርስ» ይል ነበር። ነቀርሳ እንደሚያውቁት ካንሰርም ነው፣ የሳንባ በሽታም ነው። እርስዎ ለሳንባው ፈረዱና እኔን የአሥራ ሁለት ቀን የሳል ሥልጠና ላኩኝ። በሦስተኛው ቀን ስለ ጡት የምንማረው መቼ ነው ብዬ ብጠይቅ አሠልጣኙ ሳቁብኝ። ለእርስዎ ደውዬ ብነግርዎ ደግሞ፣ ሲስተር፣ ነቀርሳ ያው ነቀርሳ ነው አሉኝ። ቃልዎ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ሁለተኛ፣ ስለ ሰሌዳውም አመሰግናለሁ። ስመለስ በሬ ላይ በአማርኛ «የነቀርሳ ክፍል፣ በሠለጠነ ባለሙያ» የሚል ሰሌዳ አሰቅለው ጠበቁኝ። ተርጓሚዎ ግን በአፋን ኦሮሞ ሲጽፈው ቁርጡን «ካንሰሪ» ብሎት አረፈ። ታኅሣሥ እንደገባ ከአቀበቱ በላይ የሚያርሱት የኦቦ ዋቆ ባለቤት፣ አዴ ገለቴ፣ መጡ። ሰሌዳውን ልጃቸው ኤቢሴ በቋንቋቸው አነበበችላቸው። ዓመት ሙሉ ከሰው የሸሸጉትን የጡታቸውን ቁስል ገለጡልኝና፣ የሠለጠነችው አንቺ ነሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው። ለምን እንዳልኩ አላውቅም፤ ሰሌዳው አስቀድሞ አዎ ስላላቸው ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ለአዲስ አበባ ሪፈር ጻፍኩላቸው፤ በማግስቱ መንገዱ ተዘጋ። በማስተር ፕላኑ የተነሳ ወጣቱ ወጥቶ፣ አስፋልቱ ድንጋይ ለብሶ፣ ተኩስ እየተሰማ፣ አምቡላንሷም ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ቆማ ቀረች። ከተማዋ እስከ ማሳቸው ልትመጣ ነው የተባሉት ሴት፣ እርሳቸው ወደ ከተማዋ መድረስ አቃታቸው። አምስት ሳምንት፣ በየሁለት ቀኑ፣ እየመጡ ቁስላቸውን አጠብኩላቸው። ከማጠብ ሌላ የማውቀው አልነበረኝም። ሽታው ሲብስ፣ ማንም ሳይላቸው መኝታቸውን ወደ ከብቶቹ ቤት አዛወሩ። ልጄ እንዳትቸገርብኝ ነው፣ ላሞቹ አይጠየፉኝም አሉኝ። ማስተር ፕላኑ ቀርቷል በተባለ ሳምንት እዚያው አረፉ።

አራተኛውን መጻፍ ይከብደኛል። በየካቲት፣ ከሌላ ወረዳ ሄዳ ትክክለኛውን ሥልጠና የወሰደች ጓደኛዬ ማሪቱ፣ እንዲህ ያለ ቁስል ላይ የፍላጅል ክኒን አድቅቀው ቢነሰንሱበት ሽታው እንደሚቀንስ ነገረችኝ። ፍላጅል፣ ክቡር ሆይ፣ ለሆድ ሕመም የምናድለው። ከጀርባዬ መደርደሪያው ላይ ሙሉ ቆርቆሮ ነበር። አዴ ገለቴን ማዳን እንደማልችል አውቃለሁ። ከልጃቸው አጠገብ ተኝተው መሞት ግን ይችሉ ነበር። አሁን በሬ በተከፈተ ቁጥር የሠለጠነችው አንቺ ነሽ ወይ ሲሉኝ እሰማለሁ፤ ቀና ስል የቆመው የሚያስል ሰው ነው።

የመጨረሻው ልመና ነው። ሰሞኑን ቢሮዎ ደጃፍ አዲስ የሥልጠና ጥሪ ተለጥፏል፤ ዘንድሮም «ነቀርሳ» ይላል። ስለ እግዚአብሔር ብለው፣ ሰው ከመላክዎ በፊት የትኛው ነው ብለው አንድ ጊዜ ይጠይቁ። ትናንት ሌላ ሴት ነጠላቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ነበር። ምን እንዳመማቸው ገና አልጠየቅኋቸውም፤ ፈራሁ።

ለቃል ያለዎትን ቁጠባ እያደነቅሁ፣ ለሳንባዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ የየትኛው እንደሆነ ገና ያልተወሰነላት የነቀርሳ ባለሙያዎ፣

ሲስተር ድንቅቱ ገርባ
መጋቢት 2008 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ክፍሌ ያለው መዝገብ የሳንባው ብቻ ስለሆነ አዴ ገለቴን እዚያው መዝግቤያቸው ነበር። ቢሮዎም «መድኃኒት አቋርጠው የጠፉ» ብሏቸው፣ ፈልጌ አክታቸውን እንዳመጣ ሁለት ጊዜ በደብዳቤ አዝዞኛል። አግኝቻቸዋለሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከጽዱ ሥር ናቸው፤ ከዚያም አይጠፉም። የአክታ ዕቃውን ይዤ ሄጄ ነበር። ነቀርሳ ያው ነቀርሳ መሆኑን ግን እርስዎ ራስዎ መጥተው ቢያስረዷቸው ይሻላል፤ እኔን አንድ ጊዜ አምነውኝ ነበር።