የፎቶ ቤቱ ጥቅል

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018፣ ቱሉ ዲምቱ

ቃሊቲ ያለው ፋብሪካ ፈተናውን ባልፍም ዛሬ መለሰኝ። ኦርጂናል ዲግሪ ካላመጣሽ አይሆንም አሉኝ። ዩኒቨርሲቲው የሰጠኝ ቴምፖራሪ፣ ጊዜያዊ ማስረጃ ብቻ ነው፤ የወጪ መጋራቱን ሳልከፍል ኦርጂናሉን አይለቅም። ሥራ ሳልይዝ ከምን ልክፈል?

ለእማዬ ስነግራት ግድግዳው ላይ ያለውን የምርቃት ፎቶዬን ቀና ብላ አየች።

«ይኸው ይዘሽው የለ? የት ጣልሽው?»

ፎቶው ላይ የያዝኩት በሪባን የታሰረ ጥቅል የፎቶ ቤቱ ነው፣ ውስጡም ባዶ ነው አልኳት። ከእኔ ቀጥሎ የተነሳችው ልጅም እሱኑ ይዛ ነው የተነሳችው። እማዬ ፎቶውን ልታወርድ ወንበር ላይ ወጣች።

«ለጎረቤቱ ሁሉ ዲግሪዋ ይኸው እያልኩ ሳሳይ ከረምኩ እኮ» አለች። አፍራለች።

እሷ ምን አድርጋ ታፍራለች? ጥቅሉ የሰው ይሁን፣ ጋዋኑም የኪራይ ነበር፤ የተማርኩት ግን እኔ ነኝ። የወጪ መጋራቱን ውል ፈርሜያለሁ፣ እከፍላለሁ። መጀመሪያ ያሠሩኝ። ነገ ጠዋት ፋብሪካው በር ላይ ነኝ፤ ይህንኑ ለኃላፊው ፊት ለፊት እነግረዋለሁ።

እማዬን ከወንበሩ አወረድኳት። ፎቶው ቦታውን የሚለቀው ለኦርጂናሉ ብቻ ነው አልኳትና የላላውን ሚስማር በጫማዬ ተረከዝ መትቼ አጠበቅኩት።