በሩን ያልከፈትኩልሽ

ትዕግሥት ልጄ፣

ትናንት ዝናብ እየመታሽ ስታንኳኪ ተኝቼ ነበር ያልኩሽ ውሸት ነው። ከበሩ ጀርባ ቆሜ ድምፅሽን እሰማ ነበር፤ እጄ ግን አልታዘዝ አለኝ። ለጎረቤት «ጆሮዋ ደክሟል» ማለትሽን ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ደህና ነው።

ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ፣ አሙቂው።
ውሃ ከመጣ በጀሪካኖቹ ቅጂ።

በቀይ ሽብር ጊዜ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴ ገበያ ሄዳ እኔና አባቴ ምሳ እየበላን ሳለ በሩ ተንኳኳ። አባቴ «ቆይ፣ አትክፈቺ» እያለኝ ሮጬ ከፈትኩት። ሦስት ሰዎች ይዘውት ወጡ፤ በዚያው ቀረ።

መሥሪያ ቤት እያለሁ እንዲህ አያደርገኝም ነበር፤ ያለ ጊዜዬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ነው የጀመረኝ። በር ሲንኳኳ አልፈራም፣ አላለቅስም፤ ዝም ብዬ እደነዝዛለሁ።

ዛሬ ሐኪም ቤት የምሄደው እንደነገርኩሽ ለደም ግፊቴ ሳይሆን፣ የአእምሮ ሐኪም ጋ ነው። ስመለስ በጊደር መጋላ ገበያ አልፌ በርበሬ እገዛለሁ።

የራስሽን ቁልፍ አስቀርጬልሻለሁ፣ ጠረጴዛው ላይ ነው።

እናቴ በሩን ማን እንደከፈተ አንድም ቀን ሳትጠይቀኝ ሞተች። ብትጠይቀኝ እነግራት ነበር።
ለሐኪሙ ግን ሳይጠይቀኝ ልነግረው ነው የወጣሁት።

ተናኘወርቅ