ጫማህን ለጌታሁን ሰጠሁት

ለባለቤቴ ለደሳለኝ፥

ደሴ የኔ ጌታ፣ እንደምን አለህ አልልህም። በሕይወት ሳለህም ስለ ጤናህ ስትጠየቅ መልስህ «ተመስገን» ብቻ ነበር። ከተለያየን ሁለተኛው የነቢያት ጾም ገባ። አገር ቤት ገብቼ እጨፍርበታለሁ ያልከው ሚሌኒየም ያላንተ ገባ። እዚሁ ዓረብ አገር፣ አል ዓይን ሆኜ በቴሌቪዥን አየሁት። ሰው ሲጨፍር እኔ አንተን እየረገምኩ ነበር፤ በደንብ።

ቤቱ ደህና ነው። የስኳር ማስቀመጫው አሁን የመርፌና የክር ማስቀመጫ ሆኗል። ትልቁን መጥበሻ ለጎረቤታችን ለሕንዷ ሴት ሰጠኋት፤ ባሏን እንደምትወደው ሳስብ ግን ትንሽ ቅር አለኝ።

የገደለህን ነገር ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ረጅም ስም ሰጥቶታል። እኔ አጭር ስም አለኝ፦ «የጾም ነው»። ስጋና ቅቤ በማይበላበት ወራት ሁሉ ሰው ሲከሳ አንተ ትወፍር ነበር። በጋራዦቹ ሰፈር በሰናይያ ካለው ጋራዥህ አጠገብ ያለው ሻይ ቤት ሳምቡሳ ሲልክልህ፣ በዘይት የተነከረው ድንች ሲመጣ፣ ስኳሩ ማንኪያ የሚያቆመው ሻይህ ሲቀዳ፣ መልስህ አንድ ነበር። ወተት የለበትም፣ ቅቤ የለበትም፣ የጾም ነው። እኔ ከምሠራበት ክሊኒክ ካርድ ክፍል ስመለስ፣ ስኳር ያለባቸው ሰዎች እግራቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ሲገቡ ስላየሁት ብነግርህ፣ «እነሱ አይጾሙማ» ትለኛለህ።

ጌታሁን ደግሞ ነበረ። ጓደኛህ፣ የልብህ ሰው፣ የልብህም ጠላት። ለአንድ ቤተሰብ ሾፌር ስለሆነ ማዳሟ ከእንግዳ የተረፈውን ጣፋጭ በሣህን ትሰጠዋለች፤ እሱም በቀጥታ ወደ አንተ ያመጣዋል። በዘይት ተጠብሶ በቴምር ማር የተለወሰ ድቡልቡል ሊጥ። መጀመሪያ ኩሽና ገብቶ ወጥ ቤቷን «ወተት ገብቶበታል?» ብሎ ይመረምራል፣ ከዚያ እንደ ሊቀ ጳጳስ ቆሞ «ንጹሕ ነው ደሴ፣ ብላ!» ብሎ ይፈርዳል። ትበላለህ። ጣትህን እየላስክ እኔን ታየኛለህ።

ጫማውንስ ታስታውሰዋለህ? አቡ ዳቢ ወርጄ፣ መርጬ፣ ነጩን የስፖርት ጫማ ስገዛልህ፣ «ማን እያባረረኝ ነው የምሮጠው?» ብለህ ጋራዡን ሙሉ አሳቅህብኝ። ከዚያ የክት አደረግከው። አርብ አርብ አቡ ዳቢ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ብቻ። እዚያ ደግሞ ደጃፉ ላይ ጫማ ይወለቃል። እንግዲህ ያ ጫማ በአንተ ዘመን የሠራው ስፖርት ከታክሲው እስከ ደጃፉ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መኪና ሥር እንደተኛህ ቀረህ። ጫማህ እንደ አዲስ በካርቶኑ ውስጥ ነበር።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ። እኔ ሳልም ቂምም ይዤ ጸለይኩ። አምና ሙት ዓመትህን በነቢያት ጾም ስናወጣ ቂሜን በገበታ አቀረብኩት፦ ዘይት ያልነካው ምስር፣ የተቀቀለ ጎመን፣ ሰላጣ፣ ውኃ። ለስላሳ የለም። እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጌታሁን ሣህኑን አገላብጦ አየና «እትዬ፣ ደሴ ይሄን ቢያይ እኮ ይሞት ነበር» አለ። «ቢያየው ኖሮ አይሞትም ነበር» አልኩት። ከዚያ በኋላ ሁሉም ጎመኑን ጨርሶ በላ።

ብዙም ሳይቆይ ጌታሁን በካርድ ክፍሌ መስኮት ብቅ አለ። ውኃ ይጠማኛል፣ ዓይኔን ይጋርደኛል አለ። ውጤቱ ሲመጣ ስኳር ነው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን ቤት እስክገባ እንኳን አልቆየም። አሰብኩት፦ ይህ ሰው ቢሞት የሚመጣው ወዴት ነው? አንተ ዘንድ። ሁለታችሁም ቁጭ ብላችሁ፣ ከማዳም ሣህን እየተጎራረሳችሁ፣ እዚያ ሆናችሁ በእኔ ልትስቁ። ኸላስ፣ አይሆንም አልኩ። አልሰጥህም። ጓደኛህን አታገኘውም፤ ረጅም ዕድሜ ይኖራል።

በማግስቱ ካርቶኑን ይዤ ሄድኩ። ቁጥራችሁ አንድ ነው። «የሟች ጫማ አላደርግም» አለ። «የሟች ሣህን ስትሞላ አልፈራህም» አልኩት። ይኸው ዓመት ሊሆነን ነው። ማለዳ፣ ፀሐይ ሳትከር፣ ኦአሲሱ ውስጥ በቴምር ዛፎቹ ሥር፣ ፈለጅ በሚሉት የመስኖ ቦይ ዳር እንሄዳለን። «እትዬ፣ በእመቤቴ፣ ትንሽ እንረፍ» ይላል። «ማን እያባረረህ ነው የምታርፈው?» እለዋለሁ። ከላይ የረገፈ ቴምር ሲያይ ጎንበስ ይላል፤ አየዋለሁ፤ ቀና ይላል። ሐኪሙ ስኳርህ ወርዶልሃል ብሎታል። ሱሪው በቀበቶ ነው የቆመው። ማዳሟ ሣህን ስትሰጠው አሁን «እትዬ ታየኛለች» እያለ ይመልሳል አሉ። እኔ እዚያ የለሁም፤ አያለሁ ግን።

አንድ ነገር ልንገርህና ልጨርስ፤ ለጌታሁን አልነገርኩትም። ሁልጊዜ ከኋላዬ እንዲሄድ ነው የማደርገው። ጎን ለጎን ልሁን ሲል «መንገዱ ጠባብ ነው» እለዋለሁ። ጠባብ አይደለም። ጫማህ ጠጠሩ ላይ ሲንኮሻኮሽ እሰማዋለሁ፤ በአንተ ቁጥር፣ በአንተ ክብደት ሊባል በሚችል እርምጃ። ዞሬ አላይም። እስከ መውጫው በር ድረስ ዞሬ አላይም።

ሶሉ በተረከዙ በኩል እያለቀ ነው። ሲያልቅ ሌላ እገዛለሁ፤ ያንኑ ነጩን፣ ያንኑ ቁጥር። ትረሳኛለች ብለህ አትስጋ፣ የኔ ጌታ። ቂመኛ ሰው ምን ይረሳል?

ባለቤትህ