ትንሽ የፊልም ካሜራ ፍለጋ

ሰኞ

ሦስተኛውም አልሆነም። ሮክቪል ድረስ ሄጄ ያየሁት ካሜራ ሌንሱ ውስጥ ሻጋታ አብቅሏል። ሻጩ ሰውዬ ምንም ሳያፍር "ቪንቴጅ እኮ ነው" ይለኛል፤ የድሮ ውድ ዕቃ ማለቱ ነው። ሻጋታም ቪንቴጅ ሆነልን።

የምፈልገው ብዙ አይደለም። ኪስ የምትገባ፣ ሬንጅፋይንደር የሚሏት ዓይነት የፊልም ካሜራ፤ ዋጋዋ ሰው የማያስለቅስ። ደሴ ፎቶ ቤት ስሠራ አለቃዬ ለሠርግ የሚይዛት እንደዚያ ያለች ነበረች። በመስኮቷ ስታይ መሃል ላይ ቢጫ ቢጤ ትንሽ አራት ማዕዘን አለች፤ እዚያ ውስጥ ሰው ሁለት ሆኖ ይታያል። ቀለበቱን ስታዞር ሁለቱ ይቀራረባሉ። ተደራርበው አንድ ሲሆኑ ትጫናለህ። በቃ። ድምፅዋ አይሰማም፤ ሙሽራዋ ሳታውቅ ታነሳታለህ።

ልጄ ቤቲ ሥራ አግኝታ እሑድ ወደ ሲያትል ትሄዳለች። ስንቱን የሰው ልጅ በምረቃና በሠርግ ልብስ አንስቼ፣ የራሴን ልጅ አንድ ቀን እንኳ በወጉ አላነሳኋትም። ስልክ አለህ ይሉኛል። ስልኩ ራሱ ያያል፣ ራሱ ይመርጣል፤ እኔ ጣቴን ብቻ ነው የማዋጣው። እኔ በገዛ ዓይኔ ላያት ነው የፈለግሁት።

ስለ ዓይን ካነሳሁ፣ ቀኙ ዛሬም ደብዝዞ ዋለ። መሃሉ ላይ ጣት የነካካው መስታወት ይመስላል። ድካም ነው። ለማንም አልተናገርኩም፣ ለባለቤቴ ለሮማንም። እንደ እኔ የሆቴል እንግዳ ማመላለሻ ሻትል የሚነዳ ሰው ዓይኔን አመመኝ ብሎ ካወራ በማግስቱ ከመኪናው ያወርዱታል። በዚህ ዕድሜዬ መንጃ ፈቃዴን ባጣ ምን ሥራ እሠራለሁ? ግራው ደህና ነው። አንዱ ካየ ይበቃኛል።

ማክሰኞ

ተሳፋሪ እስኪሞላ ስልኬ ላይ ማስታወቂያ ሳይ ዋልኩ።

ቤልትስቪል ያለው፦ የጀርባ ክዳኑ ስፖንጅ ቀልጦ እንደ ማስቲካ ተጣብቋል። ብርሃን ያስገባል፤ ፊልም ይፈጃል።

ሌላው፦ የሚበላው ባትሪ መመረት ካቆመ ቆይቷል። ብርሃኑን እኔ በግምት እለካ ነበር፤ ግን ስትጫን የሚከፈት የሚዘጋው መዝጊያውም ደርቋል።

ውድብሪጅ ያለው፦ ንጹሕ። ቆንጆ። ዋጋውን ሳይ ስልኬን ዘጋሁ።

እንግዲህ አምስት ቀን ቀረኝ። አይገኝም፤ ይኸው ነው።

ራት ላይ ሮማን "ለልጅቷ ሻንጣ ግዛላት እንጂ ካሜራ ምን ያደርግላታል?" አለችኝ። ስለ ዓይኔ ልነግራት ከአፌ ደርሶ ነበር። ሽሮው ጨው በዝቶበታል አልኳት። እውነትም በዝቶበት ነበር፣ ግን ያስቀየምኳት በከንቱ ነው።

ረቡዕ

ተገኘች!

ጋሽ ወርቁ ኮል አደረጉልኝ። አሌክሳንድሪያ የአረጋውያን አፓርትመንት ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ የምንተዋወቀው ቤተ ክርስቲያን ነው። ካሜራ እንደምፈልግ ከሰው ሰምተዋል። "አንተ ልጅ፣ እኔ ዘንድ ተቀምጣ የለ እንዴ! ምን ያንከራትትሃል?"

ሺፍቴን ስጨርስ ሄድኩ። ሟች ባለቤታቸው የገዙላቸው ናት፤ በንጹሕ የአንገት ልብስ ጠቅልለዋታል። በነጻ ካልወሰድክ አሉ፤ አይሆንም አልኩ፤ ተግደርድረን ተግደርድረን ትንሽ ነገር ተቀበሉኝ። "እንደ ሰዓት ነው የምትሠራው" አሉኝ። በመስኮቷ አላየሁባትም። ሽማግሌ የሰጠህን ዕቃ ፊቱ ላይ ማገላበጥ አላመንኩህም ማለት ነው። እንዲሁ ኪሴ ከትቼ ወጣሁ።

ሐሙስ

ተሸወድኩ።

ጠዋት በረንዳ ላይ ሆኜ መንገድ ማዶ ያለውን ምልክት አየሁባት። ቀለበቱን ባዞር ባዞር ሁለቱ ምስሎች አይገናኙም። እንዲያውም ቢጫዋ አራት ማዕዘን ራሷ ጭጋግ ናት። መስኮቷን ጠረግሁ። ወደ ጥላ ገባሁ፣ ወደ ፀሐይ ወጣሁ። እምቢ አለች። ከስንት የሻገተና የዛገ ካሜራ አምልጬ በሰው ቃል እንዲህ ልሁን?

ንዴቴ ሳይበርድ ደወልኩላቸው።

"ጋሽ ወርቁ፣ ይቺ እኮ ተበላሽታለች። ቢያንስ ሊነግሩኝ ይገባ ነበር!"

"አላወቅሁም ልጄ፣ ይቅርታ አድርግልኝ" አሉ። ትልቅ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅህ አይመችም፤ ቢሆንም እውነቱ ከእኔ ጋር ነው ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ከሰዓት ኤርፖርቱ መታጠፊያ ላይ ሻንጣ የሚጎትት ሰውዬ ከየት መጣ ሳልል ፊቴ ቆመ። ፍሬኑን ስረግጥ ተሳፋሪዎቹ ተንገጫገጩ። አንዷ ጮኸች። "ሶሪ፣ ሶሪ" አልኩ። ሰውየው ምንም አልሆነም። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ መታጠፊያ በደረስኩ ቁጥር አንገቴን ወደ ቀኝ ሳዞር ዋልኩ። ድካም ነው።

ዓርብ

ከሥራ ኦፍ ነበርኩ። በር ተንኳኳ፤ ከፈትኩ፤ ጋሽ ወርቁ! ከአሌክሳንድሪያ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ፣ በዚያ ጉልበታቸው፣ ባቡር ቀይረው መጥተዋል። ፖስታ ዘረጉልኝ።

"ገንዘብህን እንካ። በእርጅናዬ ሰው አጭበረበረ አልባልም።"

ይግቡ ብል እምቢ አሉ። ውሃ እንኳ አልቀመሱም። ካሜራዋን ላምጣልዎ ስላቸው "ጣላት" አሉ። የሚስታቸውን ካሜራ፣ ጣላት። እኔም ፖስታውን በሁለት እጄ ተቀበልኩ።

ከሰዓት ቤቲ ዕቃዋን ስታሰናዳ ካሜራዋን ጠረጴዛ ላይ አየቻት። አንስታ ወደ እኔ አነጣጠረች።

"አባቢ፣ ዚስ ኢዝ ሶ ኩል! ሁለት ነህ! ዌይት... አሁን አንድ ሆንክ።"

"አይገጥምም፤ ተበላሽታለች" አልኳት።

"ኖ፣ ይገጥማል። ሉክ።"

ሰጠችኝ። አየሁ። ያው ጭጋግ ነው። ልመልስላት ስል፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ወደ ግራ ዓይኔ አዛወርኳት። ቤቲ ሁለት ሆና ሻንጣዋ አጠገብ ቆማለች። ቀለበቱን አዞርኩ። ተጠጉ፣ ተደራረቡ፣ አንድ ሆነች። ቅንድቧ ሳይቀር ጥርት አለ።

ካሜራዋ ምንም አልሆነችም። የማያየው የእኔ ዓይን ነው። አንድ ሽማግሌ እኔ ራሴን በዋሸሁት ውሸት ሌባ ሆነው ወደ ቤታቸው ሄደዋል።

"ዋትስ ሮንግ?" አለችኝ ቤቲ።

"ምንም" አልኳት።

ቅዳሜ

ወደ አሌክሳንድሪያ በባቡር ሄድኩ። ሮማን "መኪናው ምን ሆነ?" ስትለኝ ፓርኪንግ አይገኝም አልኳት። መዋሸት እየቀለለኝ ነው።

ጋሽ ወርቁ በሩን ከፍተው ቆሙ፣ ግባ አላሉኝም። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ይዘው አነሱኝ።

"ካሜራዋ ደህና ናት። ዓይኔ ነው ጋሽ ወርቁ። ቀኙ ከፋሲካ ጀምሮ መሃሉ አያይም።"

ያን ጊዜ አስገቡኝ። አስቀምጠውኝ እሳቸውም ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

"ሚስትህ ታውቃለች?"

"አታውቅም።"

"ሥራ ቦታህስ?"

"አያውቁም።"

"እና እንዲህ ሆነህ ሰው ጭነህ ትነዳለህ?"

ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ፤ በአንድ ጣታቸው መልሰው ገፉልኝ።

"ይቅርታውን አድርጌልሃለሁ። ይሄን ግን ከአንተ እጅ አልቀበልም። ሁሉን ነግረሃት፣ ሚስትህ ራሷ ታምጣልኝ።"

የሄድኩት ለእሳቸው ተናዝዤ ልገላገል ነበር። ወደ ቤት ስመለስ በባቡሩ ውስጥ ቀኝ ዓይኔን እየከደንኩ፣ ግራዬን እየከደንኩ የሰው ፊት አየሁ። በቀኙ ማንም ፊት የለውም፤ ፀጉርና ትከሻ ብቻ። ይሄ በእንቅልፍ የሚለቅ ነገር አይደለም። አብቅቶልኛል።

ሮማን ራት ላይ አንድ ሁለቴ ቀና ብላ አየችኝ። አልነገርኳትም።

እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ቤቲን መስኮቱ አጠገብ አቆምኳት። ዕድሜዬን ሙሉ በቀኝ ዓይኔ ያነሳሁ ሰው በግራ ሲሆን አፍንጫዬ የካሜራዋን ጀርባ ይገፋል፣ እጄ ይጠፋኛል። ቤቲ ትስቃለች። ስድስት ጊዜ ተጫንኩ። ይውጣ አይውጣ ፊልሙ ታጥቦ ሳይመጣ አይታወቅም። ምናልባት ስድስቱም ጥቁር ይሆናል።

ሻንጣዎቹ ኮሪደሩ ላይ ተደርድረው ሮማን "በል አስነሳ፣ እንዳይረፍድባት" አለችኝ።

"ቤቲ ትንዳ" አልኩ።

"ለምን? ምን ሆነህ?"

እዚያው ሻንጣ መሃል ቆሜ ነገርኳት። የዓይኔን፣ የሐሙሱን ሰውዬ፣ የጋሽ ወርቁን፣ ሁሉንም።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከፋሲካ።"

"ከፋሲካ ጀምሮ እኔን ጭነህ፣ ልጄን ጭነህ፣ የሰው ልጅ ጭነህ ስትነዳ ነበር?"

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ቤቲ እያለቀሰች "አይል ካንስል፣ አልሄድም" አለች። ሮማን "አንቺ ትሄጃለሽ" ብላ ሻንጣውን አነሳች። ቤቲ ነዳች፤ እኔ ከኋላ ከሻንጣው ጋር ተቀመጥኩ። ኤርፖርት ላይ አንገቴን አቅፋ አልለቅ አለችኝ። በየቀኑ እንድደውልላት አስማለችኝ።

ስንመለስ ሮማን ነዳች። ነገ እሷ ከሥራ ትቀራለች፤ አጠገቤ ተቀምጣ ለአለቃዬ እደውላለሁ፤ ከዚያ ሐኪም ጋ አብረን እንሄዳለን። ይህን የነገረችኝ ቤታችን ደጅ ሞተሩን አጥፍታ፣ መሪውን እንደያዘች ነው። ሐኪሙ ምን እንደሚለኝ አሁኑኑ የማውቀው ይመስለኛል።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። መዳፏን አምጥታ ግራ ዓይኔን ከደነችው።

"አሁን ታየኛለህ?"

"ነጠላሽን አያለሁ።"

"ፊቴንስ?"

"አላየውም ሮማን።"

እጇን ሳታነሳ ስታለቅስ ሰማኋት።